ምሬቱ ብቻ የደረሰን ቢራ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ቢራው አልቆለታል። በጣሳ የታሸገ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ «ኢንዲያ ፔል ኤል» የሚባለው ዓይነት ነው። አንድ የአከፋፋይ ሠራተኛ «ግሮሰሪዎ ውስጥ በደንብ ይሄዳል» ብሎ ለናሙና አንድ ካርቶን አመጣልኝ። ቀመስኩት፤ አብረውኝ የቀመሱም ነበሩ። አልቀበልም አልኩ። ልጁ ቢራው ደህና ነው ብሎ አልተሟገተኝም፤ ዋጋ ልቀንስም አላለም። ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ «እትዬ፣ አዳማ ላይ ይሄን ጣዕም ማን ያውቀዋል ብለው ነው?»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ አነጋገር ነው። የተበላሸው ቢራ የአንድ ጭነት ጉዳይ ነው፤ ያልፋል። «ማን ያውቀዋል» ግን በአንድ ከተማ ሕዝብ ምላስ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ከተማ ጥሩውን ምሬት ከመጥፎው መለየት የማይችል ጠጪ ብዙም አላጋጠመኝም።

እናቴ ጠላ ጠምቃ በመሸጥ ነው ያሳደገችን። ቤታችን ከድሮው የባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም ነበር። የምድር ባቡር ሠራተኞች፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሰዎች፣ ወደ አሰብና ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮች ማምሻቸው እኛ ቤት ነበር። ከአርሲ ገብስ ይዘው የሚወርዱ ገበሬዎችም ገበያቸውን ጨርሰው ጎራ ይሉና «ፋርሶ አለ?» ይላሉ፤ ጠላ ማለታቸው ነው። እማዬ ጋኑን በግራዋ ታጥባለች፣ በወይራ ታጥናለች። ጌሾውን ወቅጣ ትጠነስሳለች፤ ብቅሉን፣ ከዚያ እንኩሮውን በየተራው ትጨምራለች። ደንበኛ ፊት ስትቀርብ ደግሞ ጠላውን በመዳፏ ጠብ አድርጋ ራሷ ሳትቀምስ ለማንም አትቀዳም።

የሚጠጣውም ዝም ብሎ አይጠጣም። «ዛሬ ጌሾው በርትቷል»፤ «ጋኑ ጭስ በዝቶበታል»፤ «ይሄማ ገና ጉሽ ነው፣ አንድ ቀን ይቆይ»፤ «እመቤት፣ ቅራሪ ነው እንዴ የቀዳሽልን?» ይሏት ነበር። አንዱም አያፍርም። እማዬም አትቀየምም፤ ሰምታ በሚቀጥለው ጥንስስ ታስተካክላለች። አንድ ጋን ከኮመጠጠባት አትሸጠውም። ፊደል ያልቆጠሩት እነዚያ ሰዎች ለእኔ የመጀመሪያዎቹ የመጠጥ ዳኞች ናቸው። ዛሬ ቢራ በሣጥን፣ ድራፍት በበርሜል እየተቀበልኩ ስሸጥ የምሠራበት መለኪያ ከእነሱ የወሰድኩት ነው።

አሁን ወደ ቢራው ልመለስ፤ ፍርድ ከሰጠሁ ማስረጃዬን ማቅረብ አለብኝ።

ቢራ ሲመረመር ከጣሳው አይጠጣም። ስብ ያልነካው ንጹሕ ብርጭቆ ይፈልጋል። በረዶ እስኪሆን መቀዝቀዝም የለበትም፤ ከመጠን ያለፈ ብርድ ምላስን ያደነዝዛል፣ ሽታውንም ያፍናል። ስለዚህ ከፍሪጅ አውጥቼ ጥቂት አቆየሁትና ቀዳሁት። መልኩ ደብዛዛ ቡናማ ነው፤ እንዲህ ያለው ቢራ ግን ከወርቃማ እስከ ቀላ ያለ ብጫ መሆን ነበረበት። አረፋው ተነሣ፣ ወዲያው ከሰመ። አሸተትኩት። ጣሳው ላይ የተጻፈው የብርቱካን፣ የማንጎና የጥድ መዓዛ እንዳለው ነው፤ ለአፍንጫዬ የደረሰው ግን የራሰ ካርቶን ሽታ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የቆየ ማር። ጎነጨሁት። መጀመሪያ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ድፍን ጣፋጭነት መጣ፤ ያ ሲያልፍ ምላስ ሥር ሄዶ የሚጣበቅ፣ ምንም መዓዛ የማያጅበው ምሬት ብቻውን ቀረ። ከመጥፎ ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ምሬት በራሱ ጥፋት የለበትም፤ መዓዛውን ሲያጣ ግን ጠጪን ከመቅጣት ሌላ ሥራ የለውም።

አብረውኝ ከቀመሱት አንዱ ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ የሰፈራችን ልጅ ነው። ጣሳውን ሲያይ ፊቱ በርቶ ነበር። አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና አስቀመጠው። «እትዬ፣ እዚያ ስንጠጣው ገና ሲከፈት ብርቱካን የተላጠ ነው የሚመስለው። ይሄ ሌላ ነገር ነው» አለኝ። ሌላው የእማዬ የጥንት ደንበኛ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። የቢራውን ስም ሰምተው አያውቁም፤ ከየት እንደመጣም አልነገርናቸውም። ብርጭቆውን ለአፍንጫቸው አስጠግተው፣ ቀምሰው፣ «ልጄ፣ ይሄ ከቀኑ ያለፈ ጥንስስ ነው፤ ሽታው ወጥቶ ጌሾው ብቻ ቀርቶበታል» አሉኝ። አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ገጽ ሙሉ ጽፎ ቢያቀርብልኝ ከዚህ የተሻለ አይገልጸውም። አዳማ ላይ ማን ያውቀዋል ለተባለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው።

የጣሳውን ሥር ገለበጥኩት። ከታሸገ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው፤ «ከዚህ ቀን በፊት ይጠጣ» የሚለው ግን ገና ወራት ይቀሩታል። በወረቀት ሕግ ጤነኛ ቢራ ነው ማለት ነው። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፦ ቢራ ጊዜው ሳያልፍ ሊሞት ይችላል። ጠጥቶት የሚታመም ላይኖር ይችላል፤ የተከፈለበት ነገር ግን ውስጡ የለም።

ለምን እንደሚሞት ላስረዳ። ቢራን መራራ የሚያደርገው ሆፕ የሚባል ተክል አበባ ነው፤ ሥራው ጌሾ ጠላ ውስጥ ከሚሠራው ጋር ይዛመዳል። ሆፕ ሁለት ነገር ይሰጣል። አንዱ ምሬት ነው፤ እሱ ቢራው ሲፈላ ስለሚወጣ ረዘም ላለ ጊዜ ይጸናል። ሌላው መዓዛ ነው፤ መዓዛው ያለው በቀላሉ በሚተን ዘይት ውስጥ ስለሆነ ሙቀትና አየር ቶሎ ያጠፉታል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የቢራው እርጅና በግምት በእጥፍ ይፈጥናል፤ አንዳንዴም ከእጥፍ ያልፋል። ፍሪጅ ውስጥ ወራት የሚቆይ መዓዛ በ30 ዲግሪ መጋዘን ውስጥ በሳምንታት ይሄዳል። የካርቶኑ ሽታም የዚሁ እርጅና ምልክት ነው። እንደ እኛዎቹ ያሉ ላገር ቢራዎች የምሬት መለኪያቸው ብዙውን ጊዜ ከ25 አይበልጥም። አሜሪካኖቹ ኢንዲያ ፔል ኤል የሚሉት ግን ከ40 እስከ 70 ይደርሳል። መዓዛው ሲጠፋ ያ ሁሉ ምሬት ተሸካሚ ያጣል።

የዚህ ቢራ ታሪክ ራሱ የመንገድ ታሪክ መሆኑ ያሳዝነኛል። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለንደን ውስጥ ሆጅሰን የሚባል ጠማቂ ነበር፤ ፋብሪካው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ መርከቦች ከሚነሱበት ወደብ ብዙ አይርቅም። ፈዘዝ ያለ መልክ ያለውን፣ ሆፕ የበዛበትን ቢራ ለመርከበኞቹ ይሸጥ ነበር፤ እነሱም ወደ ህንድ ይወስዱት ነበር። የስዌዝ ቦይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1869 ስለሆነ መርከቦቹ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረው፣ የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ አቋርጠው ወራት ይጓዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ በርተን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ያሉ ጠማቂዎች ገበያውን ተቀላቀሉና ለቀሙት፤ የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ በጂፕሰም የበለጸገ ስለሆነ የሆፑን ምሬት ጥርት አድርጎ ያወጣው ነበር። የዚያ ዘመን ቢራ በርሜል ውስጥ ሆኖ ለመንገዱ ተብሎ ነው የተጠመቀው፤ ጉዞው ያበስለው ነበር።

የዛሬው ግን ሌላ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ካስኬድ በመሰሉ አዳዲስ የሆፕ ዓይነቶች የብርቱካንና የፍራፍሬ መዓዛ ያለው አድርገው አስነሡት። ዛሬ የሚወደደው በትኩስነቱ ነው፤ ከተጠመቀበት ከተማ ሳይርቅ፣ ከቅዝቃዜ ሳይወጣ፣ በሳምንታት ውስጥ መጠጣት አለበት። ስሙ የረዥም የባሕር ጉዞ ስም ሆኖ ቀርቶ፣ ራሱ ግን ለጉዞ ከማይመቹት ቢራዎች አንዱ ሆኗል። ይህን የማያውቅ አስመጪ ስሙን አይቶ ይጭነዋል።

ከውጭ የሚገባ ዕቃ በምን በኩል እንደሚመጣ አዳማ ላለን ሰዎች ማንም አያስተምረንም። በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቀው ጅቡቲ ይራገፋል። ከዚያ በአፋር ሜዳ፣ በአዋሽ፣ በመተሐራ አድርጎ በደጃችን ያልፋል። ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ወረቀቱ እስኪያልቅ ኮንቴይነር ውስጥ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ብረት ኮንቴይነር በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ምን ያህል እንደሚግል በእጁ ነክቶ ያየ ሰው ያውቀዋል። ቢራ ደግሞ ሲሚንቶ አይደለም፤ እህል ነው፤ ገብስ ነው።

ቅዝቃዜን ጠብቆ ማጓጓዝ በዚህ አገር አይቻልም የሚለኝ ካለ ወደ ባቱ ይውረድ። ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ካሉት የአበባ እርሻዎች የሚቆረጠው ጽጌረዳ በማቀዝቀዣ መኪና ተጭኖ በዚሁ በመቂ፣ በሞጆ፣ በቢሾፍቱ መንገድ ቦሌ ይደርሳል፤ ከዚያ አውሮፓ ይሸጣል። መኪኖቹን በየቀኑ እናያቸዋለን። አንድ ጽጌረዳ ሞቆት ቢደርስ ገዢው ይመልሰዋል፤ ስለዚህ እንዳይሞቀው ይደረጋል። ቢራው ኮንቴይነር ውስጥ እየተቀቀለ የሚመጣው የሚመልሰው ስለሌለ ነው። ልዩነቱ ያለው ገዢው ላይ ነው።

እዚህ ላይ የገዛ አገራችንንም ቢራ ልናገር፤ ከውጭ የመጣውን ብቻ ብወቅስ ፍርዴ ጎደሎ ይሆናል። ቢራ ለእኛ አዲስ አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ከተቋቋመ መቶ ዓመት አልፎታል። የሐረርንና የበደሌን ቢራ ፋብሪካዎች ሄኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 ገዝቷቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡትን ፋብሪካዎች አንባቢ ያውቃቸዋል። ጠማቂዎቻችን ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው፤ ከፋብሪካ በር ሲወጣ ቢራው ደህና ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ መንገዱን ይሂዱበት። በየሱቁና በየሆቴሉ ደጅ ሣጥን በሣጥን ላይ ተደርድሮ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ይውላል። ብርሃን ሆፕ ያለበትን ቢራ ሲመታው በደቂቃዎች ውስጥ መጥፎ የድኝ ሽታ ያመጣል። ቡናማ ጠርሙስ አብዛኛውን ብርሃን ይከለክላል፤ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ግን ብዙም አያድኑትም። ሙቀቱን ደግሞ የትኛውም ጠርሙስ አይከለክለውም። ያ ቢራ ማታ ፍሪጅ ገብቶ «በረዶ የሆነ» ተብሎ ይቀርባል። ቅዝቃዜው ጥፋቱን ይሸፍነዋል፤ ጠጪው ጠዋት ራሱን ሲያመው ቢራውን በስም ይረግማል። እኔ የደንበኛ ራስ ምታት ሁሉ ከዚህ ነው አልልም፤ የጠጡት መጠን የራሱ ድርሻ አለው። ስለ ጣዕሙ ግን አልጠራጠርም፤ ጥላ ሥር የዋለውንና ፀሐይ ላይ የዋለውን ያንኑ ቢራ ጎን ለጎን ላስቀመሰኝ ሰው ልዩነቱን አፍንጫዬ ወዲያው ይነግረዋል።

ድራፍቱ ላይም አንድ ቃል አለኝ። የድራፍት መስመር በየጊዜው ካልታጠበ ቱቦው ውስጥ የሚኖረው ነገር ቢራውን ያኮመጥጠዋል፤ አንዳንዴም የቅቤ ሽታ ይሰጠዋል። ጃምቦ ሲጠጣ አረፋው ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ቀለበት እየሠራ ካልወረደ ብዙውን ጊዜ ብርጭቆው ቆሻሻ ነው፤ ዘይት ነክቶታል። እማዬ ጋን ሳታጥን ጠላ አትጠነስስም ነበር፤ እኛ ማሽን ተክለን ማጠብ ከሰነፍን የምንበልጣት በምኑ ነው?

ስለ ውሃ ደግሞ የስምጥ ሸለቆ ሰው ዝም ሊል አይገባም። በርተን በውሃዋ ስም አተረፈች ብያለሁ። የእኛ የከርሰ ምድር ውሃ ሌላ ጠባይ አለው፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ ስለሆነ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፣ ፍሎራይድም አለበት። በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ መንደሮች ያደጉ ስንቶቹ ጥርሳቸው የጠየመው በዚያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ብዙ የሸለቆው ጉድጓዶች ከዚያ በብዙ ያልፋሉ። ፍሎራይድ በማፍላት አይወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጠራቀማል። ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ ደግሞ ምሬትን ሻካራ ያደርገዋል። እማዬ ይህን የኬሚስትሪ ስም አታውቀውም፤ ነገር ግን ለጠላ የጉድጓድ ውሃ አትነካም ነበር። «ጌሾው ይጎመዝዛል» ትል ነበር። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ጠላም ሆነ ቢራ የሚጠምቅ ሁሉ ስለ ውሃው ሊጠየቅ ይገባዋል። ይህ ከጣዕም በላይ የጤና ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ፣ ወደ ዝምታችን ልምጣ። ጠላ ቤት ገብቶ «ጌሾው በዝቷል» የሚለው ሰው ያው ራሱ ሆቴል ገብቶ ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ የራሰ ካርቶን ይጠጣል፤ ቃል አይተነፍስም። አስተናጋጁ «ቀዝቃዛ ይሁን ኖርማል?» ይለዋል እንጂ መቼ እንደተመረተ አይነግረውም፤ እሱም አይጠይቅም። የውጭ ስም ሲሆንማ ጭራሽ ፈርቶ ይውጠዋል። ጣዕሙ እንዲህ ነው ሲሉት ምላሱን ይጠራጠራል፤ ቢራውን አይጠራጠርም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወጥቷል፤ እኔ ሻጭ ሆኜም ደግፌዋለሁ። ዘፈኑና ጭፈራው ሲጠፋ ጠጪው በምላሱ ይመርጣል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እስካሁን ሲመርጥ አላየሁትም፤ የለመደውን ስም ይጠራል፣ ያልለመደውን በዋጋው ይገምታል።

ይህ ሕዝብ ግን መፍረድ ያውቃል። አርሲ ነጌሌ አረቄ የሚገዛ ነጋዴ በመዳፉ አሽቶ ያሸታል፣ ክብሪት ጭሮ ይፈትናል፤ ዳግሙን ከተራው ለይቶ ካላወቀ ገንዘቡን አያወጣም። ጠጅ የሚያውቅ ሰው ብርሌውን ብርሃን ላይ አንስቶ ያየዋል፤ ማሩ ከስኳር ጋር መቀላቀሉን በአንድ ጉንጭ ይናገራል። ባቱ አጠገብ ወይን ተተክሎ የፈረንሳዩ ካስቴል እ.ኤ.አ. በ2014 ወይኑን ለገበያ ሲያወጣ፣ ጠጅ ስንጠጣ ያደግን ሰዎች ጎምዛዛውን ከለስላሳው ለመለየት ፈረንሳዊ አልጠበቅንም። ጌሾን ራሱን የእኛው ሊቃውንት መርምረውታል። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው መራራ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ለይተው «ጌሾይዲን» ብለው ሰይመው እ.ኤ.አ. በ1995 አሳትመዋል። ምሬትን በላቦራቶሪ ስም የሰጠ አገር፣ ምሬትን በየቤቱ በጋን የሚያበስል ሕዝብ፣ የመራራ ቢራን ደህና ከመጥፎ አይለይም ይባላል?

የዚህን ዓይነት ቢራ ጠልቼም አይደለም። በትኩሱ ቢደርሰን ብዙ ሰው እንደሚወደው አምናለሁ፤ ጌሾ የለመደ ምላስ ምሬት አያስደነግጠውም። ስለዚህ ከባሕር ማዶ ሬሳውን ከምናመጣ እዚሁ ቢጠመቅስ? አዲስ አበባ ቦሌ ያለው ቢር ጋርደን ኢን ቢራውን እዚያው ጠምቆ እዚያው ሲሸጥ ዓመታት አስቆጥሯል፤ ይቻላል ማለት ነው። አዳማ ደግሞ ለዚህ የተመቸች ናት። የቢራ ገብሱ ከአርሲ ደጋ ነው የሚመጣው፤ የብቅል ፋብሪካው አሰላ ላይ ከእኛ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆፑ ከውጭ ይገባል፤ በጋ ላይ ረዥም ቀን የሚፈልግ ተክል ስለሆነ ቀንና ሌሊቱ እኩል በሚባል አገራችን እንደ ልብ አያብብም። ነገር ግን ተፈጭቶ፣ ተጨምቆ፣ አየር በሌለበት ከረጢት ታሽጎ በቅዝቃዜ ከመጣ ከተጠመቀ ቢራ ይልቅ መንገዱን ይችላል። የብርቱካኑን ልጣጭ ከላይኛው አዋሽ እርሻዎች፣ ጌሾውን ከገበያችን የሚጨምርበት ደፋር ጠማቂ ቢገኝ ደግሞ እኔ የመጀመሪያዋ ቀማሽ ነኝ፤ ጥሩ ካልሆነም ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።

እስከዚያው አስመጪዎችን የምጠይቀው ግልጽ ነው። ከፋብሪካ እስከ ሱቅ በቅዝቃዜ ማምጣት ካልቻላችሁ ይህን ዓይነት ቢራ አታምጡት፤ ሙቀት የሚችሉ፣ ብቅላቸው የበረታ፣ ጠቆር ያሉ ቢራዎች ሞልተዋል። የአገር ውስጥ ጠማቂዎች የተመረተበትን ቀን ሰው ያለ መነጽር ሊያነበው በሚችል ፊደል፣ በአገራችን አቆጣጠር ያትሙልን። አንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ያለው ቀን ሲደርሰን ተፍቆ ጠፍቷል። የሥራ ባልደረቦቼ የሆናችሁ የግሮሰሪና የሆቴል ባለቤቶች፣ ሣጥኑን ከደጅ አንሡት። ቦታ ከሌለ በወፍራም ሸራ ጥላ ሥሩለት፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። የምናጣው ነገር የለም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ጥላ ሥር የዋለ ቢራ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ የፍሪጅ ወጪውም ይቀንሳል።

አንቺም፣ አንተም ጠጪው፦ ዕድሜህ ሃያ አንድ ሞልቶ፣ ገንዘብህን ከፍለህ ከተቀመጥክ ብርጭቆ ጠይቅ፣ አሽትት፣ ቀኑን እይ። ከተበላሸ አስተናጋጁን ሳትሰድብ በጨዋ ደንብ «ይሄን ቀይርልኝ» በል። ቀምሶ የሚጠጣ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው፤ በልኩ ቀምሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ደንበኛ ለእኔ ከሰካራም ይሻለኛል፤ እኔ ጋ መጥቶ ቢመልስልኝ እቀይርለታለሁ፣ ጠርሙሱንም ይዤ አከፋፋዩን እጠይቅበታለሁ።

ናሙናውን ያመጣልኝ ልጅ ካርቶኑን ይዞ ተመልሷል። ሥራውን የሚሠራ ልጅ ነው፤ ቂም የለኝም። የላኩት ሰዎች ይህን ካነበቡ መልሴ ይድረሳቸው፦ አዳማ ላይ ይህን ጣዕም የሚያውቅ ሰው አለ። በትኩሱ ስታመጡት እገዛዋለሁ።